በገጽ አሥራ አምስት ላይ የታየው ጽሕፈት

ሰው ፊት ቆሜ፣ ድምፄ ሳይቆረጥ የተናገርኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ነው። ያንን ቀን ልጽፍላችሁ ነው ብዕር ያነሳሁት። አጻጻፌ እንደ ተማረ ሰው ባይሆን አትፍረዱብኝ፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ነገሩን ግን አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም።

ደርግ ከመውደቁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር። ሸዋ ሮቢት ከእናቴ ጋር እየኖርኩ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተላላኪነት እሠራ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ስቀጠር ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ብሎ "ማንበብ ትችያለሽ?" አለኝ። እኔ ደግሞ የማላውቀው ወንድ ሲያናግረኝ ምላሴ ይታሰራል። መሬት መሬቱን አየሁ። እሱ ዝምታዬን "አልችልም" ብሎ ወሰደው።

"ጥሩ ነው። የምንፈልገውም እንዲህ ያለ ሰው ነው" አለና ፈረመልኝ።

ለምን ጥሩ እንደሆነ የገባኝ በማግሥቱ መዝገብ ቤት ስመደብ ነው። ፋይል ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛ ላይ የሚያደርስ፣ ውስጡን ግን የማያውቅ ሰው ነበር የፈለጉት። እንግዲህ "ኧረ እችላለሁ" ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ቀረሁ። አንድ ሰሞን የመሠረተ ትምህርት አስተባባሪ ያልተማሩ ሠራተኞችን ሊመዘግብ መጥቶ ስሜን ሲጠይቅ ኃላፊው "እሷን ተዋት፣ ለሥራዋ አይበጃትም" አለው። አገር በሙሉ ፊደል ይቁጠር በተባለበት ዘመን እንዳልማር የተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መዝገብ ቤቱ በግቢው ጥግ ያለ የድንጋይ ክፍል ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ስለሚወፍር ቆላው ሲነድ እንኳ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በብረት ፍርግርግ የተዘጋች አንዲት መስኮት አለችው፤ ባለጉዳይ የሚያነጋግረን በዚያች ነው። ክፍሉን የሚይዙት ጋሼ ተድላ ነበሩ፤ ከደጋ ተዛውረው የመጡ፣ ሙቀቱ ያልተስማማቸው፣ ወባ በየዓመቱ የምትጥላቸው ሽማግሌ።

ጋሼ ተድላ ሕጋቸው ጥብቅ ነው። በእያንዳንዱ ፋይል ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም ሦስት መስመር ይጽፋሉ፦ ማን እንደሚያነበው፣ ማን እንደሚጽፍበት፣ ማን እንደሚያነሳውና እንደሚያስቀምጠው። የእኔ ስም ያለው ሦስተኛው መስመር ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። የማንበብ ፈቃድ ያለው ሰው ሲመጣ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ማስታወሻ መያዝ ካሻው በራሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ፋይሉ ላይ ነጥብ እንኳ አያኖርም። ገጾቹም ተቀዶ የሚወጣ እንዳይኖር ባዶዎቹ ሳይቀሩ ቁጥርና ፊርማ አላቸው።

"ፋይል የሰው ሚስት ናት፤ አይተህ ታልፋለህ እንጂ እጅህን አትሰድም" ይሉ ነበር ለሚመጣው ሁሉ። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞራለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ አነብ ነበር። ፈልጌ አልነበረም፤ ፊደል የቆጠረ ዓይን ፊደል ሲያይ አልፎ አይሄድም። ከመደርደሪያ እስከ ጠረጴዛ ባለችው ስድስት እርምጃ ውስጥ የስንቱን ሰው ጣጣ አውቄያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ነው። ቀትር ላይ የቀወት ገበሬ የሆነ ሰይድ የሚባል ሰው መስኮቱ ላይ መጣ። መንደር ሲመሠረት "ጎጆዬን አላፈርስም" ብሎ ሁለት ወር ታስሮ የተፈታ ነው። መሬቱ እንዲመለስለት አመልክቶ በየወሩ ይመላለሳል።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ ተድላ?"

"ይመስገን። አንተስ ሰይድ?"

"አልሐምዱሊላህ። ዛሬስ መልስ አይጠፋም ብዬ ነው።"

ፋይሉን አውርጄ ሰጠኋቸው። ጋሼ ተድላ ማመልከቻው ያለበትን ገጽ አሥራ አራትን ገለጡና ውሳኔ ሲመጣ ወደሚጻፍበት ወደ ባዶው ገጽ አሥራ አምስት አለፉ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ከትከሻቸው በላይ አየሁት። ባዶ አልነበረም። በሰማያዊ፣ ጠርዙ እንደ ጢስ በደበዘዘ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"ግለሰቡ በሕይወት የለም። ፋይሉ ይዘጋ። ለቤተሰቡ አይነገር።"

ጋሼ ተድላ ገጹን አዩ፤ ቀና ብለው በፍርግርጉ ውስጥ የቆመውን ሰይድን አዩ፤ ተመልሰው ገጹን አዩ።

"ሰይድ፣ ደህና ነህ አይደል?"

"ደህና ነኝ። ምነው?"

"አይ፣ እንዲያው ነው።"

"እንደ ሬሳ ነው እኮ የሚያዩኝ ጋሼ።"

"ሙቀቱ ነው። ሌላ ቀን ና።"

ሰይድ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሄደ። በአቧራው ላይ ጥላው አብሮት ሲሄድ እኔ ሳልወድ ዓይኔን ጥላው ላይ ተከልኩ። መኖሩን ማረጋገጤ ነበር መሰለኝ።

ጋሼ ተድላ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ፊደሉን አሹት፤ አልለቀቀም። "እኔ አልጻፍኩትም" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለክፍሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሉን ወደ ቦታው መልሶ ዝም ይል ነበር። እሳቸው ግን ሕጋቸው ሕግ ነውና ፋይሉን ብብታቸው ሥር ይዘው ራሳቸው ኃላፊው ዘንድ ሄዱ። እኔ ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አለ ኃላፊው።

"እኔ ጋ።"

"የመጻፍ ፈቃድ ያለውስ?"

"እኔ ብቻ።"

"ታዲያ ማን ጻፈው? ሰይጣን?"

"እኔም የምጠይቀው እሱን ነው ጓድ ኃላፊ።"

"ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል? መንግሥት ሰው እየገደለ ይደብቃል ማለት ነው። አንተ ይህን በመንግሥት ፋይል ላይ ጻፍክ።"

እስከዚያ ቀን "አንቱ" ነበር የሚላቸው።

ኃላፊው ፋይሉን ወደ መዝገብ ቤቱ አስመልሶ በሩን አስቆለፈ። እሳቸውን ከመዝገብ ቤቱ አጠገብ ባለ የአካፋና የዶማ ማስቀመጫ ውስጥ ዘጉባቸው። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ መኪና ወደ ላይ ሊወስዳቸው ተወሰነ። "ወደ ላይ" ሲባል ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዓይነት መኪና የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ ሰው ወሬው አይመለስም ነበር።

ወሬ ግን ከግቢው ለመውጣት መኪና አልፈለገም። ታይፕ የምትመታው እትዬ ብርቄ አማትባ "ያ ክፍል ድሮም ደግ አልነበረም" አለች። ዘበኛው ቀትር ቀትር ላይ የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ገጽ ሲገለጥ እሰማለሁ አለ። በማግሥቱ ጠዋት መንገድ ላይ ሰይድን አገኘሁት። ሻይ ቤት ገብቶ የጠጣበትን ብርጭቆ ባለቤቷ ለብቻው ስታስቀምጥ አይቷል።

"እህቴ፣ እዚህ ከተማ ሰው የሚሸሸኝ ምን ብሸት ነው?" አለኝ። "ትናንት ማታ ወላሂ ደረቴን ዳሰስኩት። ልቤ ይመታል።"

አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ለጋሼ ተድላ ቁርስ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አደረገልኝ። አካፋ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ቁራሹን ተቀበሉኝና ሳይበሉት ያዙት።

"የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ወባው ሲነሳብኝ ያን ዕለት ምን ስሠራ ነበር?"

"ተኝተው ነበር ጋሼ፣ ጠረጴዛው ላይ።"

"ብዕር ይዤ ነበር?"

"አላየሁም።"

"የማላስታውሰው ሰዓት አለ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ፈቃዱም የእኔ ነው። ከእኔ እጅ በቀር ሌላ እጅ የለም። ምናልባት እጄ ሳላውቀው ጽፎ ይሆናል።" እጃቸውን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አገላብጠው አዩት። "ወረቀት አምጡ፣ ጻፍኩ ብዬ ልፈርም ብያቸዋለሁ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ያመጡልኛል።"

ካየሁት ጽሕፈት ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ሰውዬው በራሳቸው ሕግ ታስረው ራሳቸውን ሊከዱ ነው።

ረፋዱ ላይ ኃላፊው ቁልፉን ሰጠኝ። "ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ፋይሎች ወደ ቦታቸው መልሺ። የሰይድን ለብቻ አምጪልኝ። አንቺ እንደሆንሽ አታነቢም" አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ከሩቅ የማሽላ ጠባቂዎች ከማማቸው ላይ ወፍ ሲያባርሩ ጩኸታቸው እየረዘመ ይመጣና ድንጋዩ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። የዘበኛው ነገር ትዝ አለኝና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ፋይሉን ገለጥኩት።

ገጽ አሥራ አምስት ያው ነው። ለመሸሽ ወደ ገጽ አሥራ አራት መለስኩ። ሌባ ጣቴ የሆነ ነገር ነካ። ወረቀቱ ጎድጎድ ብሏል። ማመልከቻው ላይ ቀለም የሌለው ነገር ተጽፎበታል። መስኮቱ ጋ ወስጄ ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። "ግለሰቡ በሕይወት..." እነዚያው ቃላት ናቸው፣ በዚያው ቦታ፣ ያለ ቀለም። ላይኛው ገጽ ላይ እጅ አለ፣ ቀለም የለም፤ ታችኛው ላይ ቀለም አለ፣ እጅ የለም።

ፋይሉን ቶሎ ዘጋሁት። መንፈስ ነው ብዬ አይደለም። የማን ሥራ እንደሆነ ስለገባኝ ነው። የእኔ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእትዬ ብርቄ ክፍል ቆርቆሮ ነው። በላዩ የተጻፈውን ከሥሩ ወዳለው ወረቀት የሚገለብጠው ካርቦን ወረቀት በዚያ ሙቀት ይጠቀለላል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ካርቦን ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። "የሺ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ጠፍጥፈሽ አስቀምጪልኝ" ስትለኝ አዳዲሶቹን ወፋፍራም ፋይሎች ውስጥ አንድ አንድ እያልኩ እከትት ነበር። ስትፈልግ መልሼ አወጣለሁ። ፋይል ውስጥ ባዕድ ወረቀት እንዳይገባ መከልከሉን አውቃለሁ፤ ለእትዬ ብርቄ ግን እምቢ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ከላይ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ያለው። ታስረው የነበሩ የአራት ሰዎችን ፋይል አዘዘ። አምጥቼ ፊቱ ቆለልኩለት። አንዱን አንብቦ ወደ ጎን ያደርግና በተገለጠው በሌላው ላይ የራሱን ወረቀት ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን እያስጨነቀ ይጽፋል። እጁ ሥር የነበረው የሰይድ ፋይል ነው። ሰውዬው በራሱ ወረቀት ላይ መጻፉን ነው የሚያውቀው። ካርቦኑ ግን ከገጹ ሥር ሆኖ የጻፈውን ተቀብሎ ወደ ታች አሳልፎታል። እኔ በሳምንቱ ካርቦኑን ሳወጣ ገጹን እንኳ አላየሁም።

ፋይሉን እንደያዝኩ ሮጬ እትዬ ብርቄ ክፍል ገባሁ። ከመሳቢያዋ ካርቦኖቹን እያነሳሁ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ያዝኳቸው። አንዱ የታይፕ ምት የለበትም። ፀሐይዋ ከጀርባው ስትመጣ በጠቆረው ሰማያዊ ላይ ፊደሎቹ እንደ ፍም በሩ፦ ለቤተሰቡ አይነገር።

ግቢው ውስጥ መኪናው ደርሷል። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ይጨምራል። የኃላፊው በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ከገባሁ ሁለት ጥፋት ነው የምናዘዘው፤ ካልገባሁ ሽማግሌው ይፈርማሉ። በሦስተኛው ገባሁ።

"ምንድን ነው?"

"ጋሼ ተድላ አልጻፉትም።"

"ምኑን?"

"ገጽ አሥራ አምስት ላይ ያለውን።"

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እዚያ ላይ ጽሕፈት መኖሩን ነው የሰማሽው። ቁጥሩን ማን ነገረሽ?"

"አነበብኩት።"

"አንቺ ማንበብ አትችይም።"

"እችላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።"

በወዲያኛው ክፍል የእትዬ ብርቄ ታይፕ ቆመ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ። ካርቦኑንም ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኩት። ድምፄ የእኔ አይመስለኝም ነበር፤ ከጣሪያው የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ ጋሼ ተድላን አስጠራቸው። አቧራቸውን ሳያራግፉ ገቡ።

"አሳዪን" አለኝ።

ካርቦኑን በገጽ አሥራ አራትና አሥራ አምስት መካከል ከተትኩት። ከላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋሁ።

"ምን ልጻፍ?"

"ስምሽን።"

ስሜን ጻፍኩ። ኃላፊው ነጩን ወረቀት አነሳ፣ ማመልከቻውን ገለጠ። ገጽ አሥራ አምስት ላይ፣ "ለቤተሰቡ አይነገር" ከሚለው ሥር፣ "የሺእመቤት" የሚል በሰማያዊ ወጥቷል። ሦስታችንም ላይኛውን ወረቀት ስናይ ከሥር ያለው ያው የመንግሥት ፋይል መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። ጋሼ ተድላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ልጄ፣ ገጹ ቁጥር አለው እኮ። አይወጣም" አሉ።

ኃላፊው ግን ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። "እንግዲህ ሰይጣንም የለበትም። ከላይ የመጣው ጓድ ማስታወሻ ነው። ስለ ሰይድ አይደለም፣ ስለ..."

እዚያ ላይ ቆመ።

ያልተጨረሰውን ቃል ሁላችንም ሰማነው። ጽሕፈቱ ስለ ሰይድ ካልሆነ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ እውነት ነው። ቆርቆሮው ላይ ርግብ ትራመዳለች። ኃላፊው ፋይሉን በሁለት እጁ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ አድርጎ ዘጋው።

"ያን ቀን አራት ፋይል ነው ያመጣሽለት?"

"አዎ።"

"የማን የማን እንደነበሩ ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ። መሬት መሬቱን አየሁ። ያን ጊዜ ግን አፍሬ አልነበረም።

"ጥሩ ነው" አለ።

መኪናው ባዶውን ወደ ላይ ሄደ። ጋሼ ተድላ ቁልፋቸው ተመለሰላቸው። እኔ በዚያው ሰዓት "በጥንቃቄ ጉድለት" ተሰናበትኩ። ሰይድም ቢሆን መሬቱን እስኪያገኝ ብዙ ተመላልሷል፤ ብርጭቆ መለየቱ ግን ቀረለት። ጋሼ ተድላ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ፤ ለተላላኪ ያን ያህል ሲራመዱ አይቼ አላውቅም።

"ከእንግዲህ አንገትሽን ቀና አድርጊ። መሬት ላይ የተጻፈ ነገር የለም" አሉኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዓይን አፋርነት የሴት ልጅ ጌጥ ነው ተብላችሁ ካደጋችሁ፣ እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። የእኔ ዝምታ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አላወቀውም እንጂ የተከፈተ በር ነበር። በዚያ በር መዓት ገብቶ ሽማግሌ ሊበላ ምንም አልቀረውም። ዛሬም ሰው ሲያናግረኝ ፊቴ ይቀላል። "አዎ" እና "አይደለም" ማለት ግን ችያለሁ።

የቀሩትን ሦስት ስሞች ሦስት ዓመት ተሸከምኳቸው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው እዚያው ሸዋ ሮቢት የጭነት መኪና ረዳት ሆኗል፤ ምን እንደፈለግሁ ሳልነግረው "ስትመጪ ሚስቴ አየችሽ፣ አለቀልኝ" ብሎ ቀለደብኝ። ሁለተኛውን ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ በጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ድንች ሲሸጥ አገኘሁት። ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ብርዱ ነው ብሎ "ለቆላ ሰው ይከብዳል" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እግሬ ከበደኝ፤ አንድ ስም ብቻ ነው የቀረኝ።

ማጀቴ የሄድኩት በመስከረም መጨረሻ ነው። አስተማሪ ነበረ። ሚስቱ በር ላይ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሯል ከመባል በቀር ሌላ ነገር አልተነገራትም። የማውቀውን ነገርኳት። ሠፌዱን አስቀመጠች፤ አላለቀሰችም።

"ቀኑንስ ታውቂዋለሽ?" አለችኝ።

"ቀኑን አላውቀውም። ሰውዬው የጻፈበትን ቀን ብቻ ነው የማውቀው። የጥቅምት ሚካኤል ነበር። እናቴን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ ስላረፈድኩ ተቆጥተውኝ ነበር።"

ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ እያደረገች ቆጠረች። ከዚያ ተነስታ ወደ አጥሩ ሄደችና ጎረቤቷን ጠራች።

"ጌሾ አለሽ?"

"አለኝ። ለምንሽ ነው?"

"ለባሌ ተዝካር" አለች። "ዛሬ ተነገረኝ።"